ከወንዝ የወጣ ዓሣ እንዴት ይጸዳል? እንዴትስ ይዘጋጃል?

ዓሣ ጥሩ ምግብ ነው። ከበሬና ከበግ ሥጋ ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይበስላል፤ ለልጅ ሆድና ለሽማግሌ ጥርስም አያስቸግርም። ነገር ግን ከሥጋ ሁሉ ቶሎ የሚበላሽ እርሱ ነው። ጠዋት ከጎጀብ የወጣ ዓሣ ሆዱ ሳይከፈት ፀሐይ ላይ ከዋለ፣ ማታ ወደ ድስት ሲገባ ምግብነቱ ቀርቶ የሕመም ምንጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዓሣው ከወንዝ ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ ገበታ ላይ እስኪቀርብ ድረስ በእናት እጅ ምን ምን ሊደረግለት እንደሚገባ በዚህች ጽሑፍ ልናስረዳ እንወዳለን።

በከፋ አገር በውሃ አልታማንም። ከጅማ ወደ ቦንጋ የመጣ ሰው ሁሉ ያንን ቆላ ወርዶ ጎጀብን ተሻግሮ ነው የሚመጣው፤ ጎጀብም ከጫካው የሚወርዱትን ትንንሽ ወንዞች ሰብስቦ ወደ ኦሞ ይገባል። ልጆች መንጠቆ ይዘው ወርደው ዓሣ በእንጨት ሰክተው ሲመለሱ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ታዲያ ወንዙም ካለ፣ ዓሣውም ካለ፣ በብዙ ቤት ዓሣ ወደ ምድጃ የማይቀርበው ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ ሁለት ነው፤ አንደኛው «ይሸታል»፣ ሁለተኛው «እሾሁ ልጅ ያንቃል» የሚል ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ግን ሽታውም እሾሁም የአጸዳድ ነገር ነው እንጂ የዓሣው ጥፋት አይደለም።

ይህን አጥብቀን የምንናገርበት ምክንያት አለን። የከፋ ሰው ዋና ምግብ ከእንሰት የሚገኘው ቆጮ ነው። ቆጮ ሆድ ይሞላል፤ ለሥራ ኃይል ይሰጣል። ገላ የሚገነባው ምግብ፣ ይኸውም ፕሮቲን የሚባለው፣ በቆጮ ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። ቆጮና ጎመን ብቻ እየበላ የሚያድግ ልጅ ሆዱ ጠግቦ እያለ አካሉ ይራባል፤ ቁመቱ ያጥራል፣ በሽታም በቶሎ ይይዘዋል። ላም የሌለው ቤት፣ ዶሮውንም ለገበያ የሚያወጣ ቤት፣ ከወንዝ የመጣችውን አንዲት ዓሣ አጽድቶ ከቆጮው ጋር ለልጆቹ ቢሰጥ ትልቅ ነገር አደረገ ማለት ነው።

ስለ ዓሣ አበሳሰል ሲነገር ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ብዙ ጊዜ ሳልመን ስለሚባለው ዓሣ ያወራሉ። ሳልመን የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ ነው፤ በወንዝ ይፈለፈላል፣ ባሕር ወርዶ ያድጋል፣ ሊወልድ ሲል ደግሞ ወደ ወንዙ ይመለሳል። በእኛ ውሃ የለም። የሥጋ ዘመዱ የሆነው ትራውት ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቋል፤ እስከ ዛሬም ይገኛል። ሳልመንም ይሁን ትራውት፣ የጎጀብ ዓሣም ይሁን የኩሬ፣ የአጸዳዱ ሥርዓት አንድ ነው።

በእጃችሁ ያለው ዓሣ የትኛው ነው?

በአገራችን ወንዝ፣ ሐይቅና ኩሬ በብዛት የሚገኙትን ሦስቱን እንናገር። ባርበስ የሚባለው የወንዝ ዓሣ ሰውነቱ ረዘም ያለ፣ ቅርፊቱ ትልልቅ ነው፤ ባፉ ዙሪያ አራት ትንንሽ ጢሞች አሉት። በጎጀብና በገባሮቹ ልጆች የሚይዙት በአብዛኛው ይህ ነው። ሥጋው ጣፋጭ ሆኖ እሾሁ ብዙ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ የጀርባው ክንፍ እንደ መርፌ ይዋጋል፤ በኩሬ ለማርባት የሚመረጠውም እርሱ ነው። አምባዛ ደግሞ ቅርፊት የሌለው፣ ራሱ ሰፊና ጠንካራ፣ ጢሙ ረጃጅም፣ ገላው የሚያሟልጭ ነው። አምባዛ ከውሃ ውጭ አየር መሳብ ስለሚችል ሌላው ዓሣ ከሞተ በኋላ እንኳ ብዙ ሰዓት በሕይወት ይቆያል። ሞቷል ብላችሁ ቢላዋ ስታሳርፉበት ተገላብጦ በደረቱ ክንፍ ላይ ባለው እሾህ እጅ ይወጋል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። ስለዚህ አምባዛ አስቀድሞ አናቱን በዱላ ተመትቶ መሞቱ ይረጋገጥ።

እንዴት እንደተያዘ ጠይቁ

ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት እናት ልጇን አንድ ነገር ልትጠይቀው ይገባል፤ «ይህን ዓሣ በምን ያዝከው?» ብላ። ይህ ጥያቄ ቀላል መስሎ ይታያል እንጂ የነፍስ ጉዳይ ነው።

በመንጠቆ ወይም በመረብ ከሆነ መልካም። በብርብራ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው መተንፈስ አቅቶት እንደ ሰካራም ሆኖ ይንሳፈፋል፤ ይህ ከጥንት የታወቀ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ትልቁም ትንሹም፣ የሚበላውም የማይበላውም አብሮ ያልቃል፤ ከዚያ በታች ያለች እናት የምትቀዳው፣ ከብቱም የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው። እኛ ይህን ዘዴ አንመክርም። በዘመናችን ደግሞ ከዚህ የባሰ መጥቷል። ለሰብል ተባይ ወይም ለምስጥ የተገዛውን መድኃኒት ወንዝ ውስጥ እየጨመሩ ዓሣ የሚይዙ ሰዎች አሉ። በእንዲህ ያለ መርዝ የሞተ ዓሣ በምንም መንገድ መበላት የለበትም። ማጠብ መርዙን አያወጣውም፤ እሳትም አያጠፋውም። ለውሻም አይሰጥ፤ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር።

እንዲሁም ሞቶ ሲንሳፈፍ የተገኘ ዓሣ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ አይነሣ። ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የተገኘም ያው ነው። እንዶድ ዓሣ ይገድላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ከዚያ ተነሥተው ነው የብልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ በእንዶድ መግደል እንደሚቻል ያስረዱት። ለብልሃርዝያ መከላከያ የሆነው እንዶድ ለዓሣው ግን መርዙ ነው።

ብልሃርዝያን ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። ዓሣ በመብላት ብልሃርዝያ አይይዝም። የሚይዘው ቀስ ብሎ በሚሄድ ወይም በቆመ ውሃ ውስጥ ባዶ እግር ሲቆም ነው፤ ትሉ ቆዳ በስቶ ይገባል። ዓሣ ለማጽዳት ብሎ ውሃ ውስጥ ገብቶ መቆም አያስፈልግም። ውሃውን ቀድቶ ከዳር፣ ደረቅ መሬት ላይ ማጽዳት ይሻላል።

ትኩሱን ከዋለው መለየት

ትኩስ ዓሣ ዓይኑ ጎላ ብሎ ያበራል። የጉንጩን ክዳን ገልጣችሁ ስታዩ ማበጠሪያ የመሰለው መተንፈሻው (ስንጥቡ) ደም የመሰለ ቀይ ነው። ሥጋውን በጣት ጫን ቢያደርጉት ተመልሶ ይነሣል። ሽታው የወንዝ ውሃና የሣር ሽታ እንጂ የግም አይደለም። የዋለው ዓሣ ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ ይደበዝዛል፤ ስንጥቡ ቡናማ ወይም ግራጫ ይሆናል፤ ሥጋው የጣት ምልክት ይዞ ይቀራል፤ ሆዱ ይነፋል። እንዲህ ያለውን በበርበሬና በሎሚ ሸፍኖ ማብሰል ራስን ማታለል ነው። ቅመም ሽታ ይደብቃል እንጂ የተበላሸውን አያድስም።

ዓሣ ለምን ቶሎ ይበላሻል? በቆዳው ላይ ባለው ልጋግ፣ በስንጥቡና በአንጀቱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ። ዓሣው በሕይወት ሳለ ወደ ሥጋው አይገቡም። ከሞተ በኋላ ግን የሚከለክላቸው የለም፤ የአንጀቱም አሲድና ሐሞት የገዛ ሆዱን ይበላዋል። ሙቀት ሲጨመርበት ይፈጥናል። ደጋ ላይ ትንሽ ይታገሳል፤ በጎጀብ ቆላ ግን ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ዓሣ አጥማጁ ልጅ ይህን ይማር፤ ዓሣው እንደወጣ ወዲያው እዚያው ወንዝ ዳር ሆዱ ይከፈት፣ አንጀቱና ስንጥቡ ይውጣ፣ ከዚያም በእርጥብ የእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በጥላ በጥላ ወደ ቤት ይምጣ። የእንሰት ቅጠል ሰፊ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ዝንብም ይከለክላል፤ ከፕላስቲክ ከረጢት ይልቅ እርሱን እንመርጣለን። በፌስታል የታፈነ ዓሣ በገዛ ሙቀቱ ይግማል።

የማጽዳቱ ሥራ

ከሁሉ በፊት ቦታውን አዘጋጁ። የዓሣ ማጽጃ ሥፍራ ከጉድጓድ ውሃና ከማድቤት ራቅ ያለ፣ ጥላ ያለው ይሁን። አንድ ጣውላ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ በፈላ ውሃ ታጥቦ ይቀመጥ፤ በላዩ አዲስ የእንሰት ቅጠል ቢነጠፍ ደግሞ የተሻለ ነው፣ ሥራው ሲያልቅ ቅጠሉ ከቆሻሻው ጋር ይጣላል። ውሃ በሁለት ዕቃ ይቅረብ፤ አንዱ ቆሻሻውን ለማስለቀቅ፣ ሁለተኛው ንጹሕ ሆኖ ለመጨረሻው እጥበት። ይህ ሁለተኛው ውሃ የፈላ ወይም የመጠጥ ውሃ ቢሆን እንመርጣለን። ከብት በሚጠጣበት ውሃ ዓሣ አጥቦ ወደ ቤት ማምጣት የከብቱን እበት ወደ ቤት ማምጣት ነው።

እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና ከሌለ በአመድ። እጅዋ የቆሰለባት እናት ይህን ሥራ ለሌላ ትስጥ፤ ወይም ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ትሸፍን። ቢላዋው በደንብ የተሳለ ይሁን። ደነዝ ቢላዋ ብዙ ጉልበት ስለሚፈልግ ይንሸራተትና እጅ ይቆርጣል።

ባርበስና ቆሮሶ በቅርፊታቸው ይጀመራሉ። ቆሮሶ ከሆነ መጀመሪያ የጀርባውን ክንፍ መቁረጥ ነው፤ አለዚያ ሥራው ሁሉ እየወጋ ነው የሚያልቀው። ዓሣውን በጅራቱ በኩል በጨርቅ ይዛችሁ፣ በቢላዋ ጀርባ ወይም በማንኪያ ከጅራት ወደ ራስ እየገፋችሁ ቅርፊቱን አንሡ። ከራስ ወደ ጅራት ከሄዳችሁ ቅርፊቱ ይተኛል እንጂ አይነሣም። ዓሣው ውሃ ነክሮት ሲቆይ ቅርፊቱ በቀላሉ ይለቃል፣ ዙሪያውንም አይበተንም። ሆዱ ሥርና ከክንፎቹ ሥር ያለውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ በጣት እየዳበሱ ማየት ያስፈልጋል።

አምባዛ ቅርፊት የለውም። ያለበት ልጋግ ነው። ጨው ወይም ንጹሕ አመድ ነስንሳችሁ በእጅ ወይም በጨርቅ ካሻችሁት በኋላ በሙቅ ውሃ ብታለቀልቁት ልጋጉ ይለቃል። ቆዳውን ጨርሶ ለመግፈፍ ለሚፈልግም፣ ከራሱ ሥር ዙሪያውን ሰንጥቆ ወደ ጅራት መጎተት ነው። የአምባዛ የጭቃ ሽታ የሚባለው አብዛኛው ከቆዳው ጋር ይሄዳል።

ከዚያ ሆዱ ይከፈታል። ከቆሻሻ መውጫው ጀምራችሁ እስከ አንገቱ ሥር ሰንጥቁ። ቢላዋው ቆዳውን ብቻ ይቁረጥ፤ ወደ ውስጥ አይጥለቅ። ምክንያቱም ከጉበቱ ጎን አረንጓዴ የሐሞት ከረጢት አለች፤ እርስዋ ከፈነዳች ሥጋውን ሁሉ ታመራለች። ብትፈነዳ ሐሞት የነካውን ሥጋ ቆርጦ መጣል፣ ሌላውን ወዲያው በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። አንጀቱን ጉበቱን ሁሉ በአንድ ላይ ይዛችሁ ሳብ ብታደርጉት ተያይዞ ይወጣል። ስንጥቡንም ከግራና ከቀኝ ቆርጣችሁ አውጡ፤ ራሱን ለሾርባ የምትፈልጉ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚተወው ነገር አለ። ሆድ ዕቃው ከወጣ በኋላ ከውስጥ በጀርባ አጥንቱ ላይ ተጋድሞ የሚታይ ጥቁር ቀይ የደም መስመር አለ፤ በስስ ሽፋን ተሸፍኗል። ይህ የዓሣው ኩላሊት ነው። ሽፋኑን በቢላዋ ጫፍ ሰንጥቃችሁ በማንኪያ ጫፍ ወይም በአውራ ጣት ጥፍር ከራስ እስከ ጅራት ፋቁት። «ዓሣ ይሸታል» ለሚሉት እናቶች መልሳችን ይህች መስመር ናት። እርስዋ ተፍቃ የወጣችለት ዓሣና እርስዋ የቀረችበት ዓሣ ከአንድ ወንዝ ወጥተው፣ በአንድ ድስት በስለው፣ ሽታቸው አንድ አይሆንም።

ስለ ዕንቁላሉ ማስጠንቀቂያ አለን። በዓሣው ሆድ የሚገኘው ዕንቁላል በብዙ ዓይነት ዓሣ ዘንድ የሚበላ ነው፤ የባርበስ ዕንቁላል ግን ይጣል። በአውሮፓ ወንዞች የሚኖረው የባርበስ ዘመድ ዕንቁላል ትውከትና ተቅማጥ እንደሚያመጣ ከቀድሞ ጀምሮ የታወቀ ነው። ዕንቁላሉን ለልጅ በፍቅር ለይቶ ማስቀመጥ የእናት ልማድ ነውና፣ በዚህ ነገር ላይ ግን እባካችሁ እጃችሁ ይጨክን።

በመጨረሻ ዓሣው በንጹሑ ውሃ ይለቅለቅ፣ በጨውና በሎሚም ይታሽ። ሎሚ ጥሩ ነው፤ ሽታውንም ልጋጉንም ይቆርጣል። ነገር ግን ሎሚ እሳትን አይተካም።

ስለ ትልና ስለ ጥሬ ዓሣ

ሆዱን ስትከፍቱ አንዳንዴ እንደ ክር የተጠቀለለ ነጭ ትል ታዩ ይሆናል። ባለሙያዎች ኮንትራሴኩም የሚሉት ትል በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ቆሮሶና አምባዛ ውስጥ ተገኝቷል። አንዳንድ ዓሣ ደግሞ በሥጋው ውስጥ እንደ ጤፍ ፍሬ ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ቢጫ ነጠብጣብ ይኖረዋል፤ ያም የትል ግልገል ነው። ደንግጣችሁ ዓሣውን ሁሉ መጣል አያስፈልግም። ትሉን አንሡ፣ የነካውን ቁረጡ፣ ቀሪውን በደንብ አብስሉ። በጣም የበዛበትን ግን ቅበሩት።

ጥሬውን መብላት ነው አደጋው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበሉ ሰዎች አሉ፤ ልማዱ በጎብኚና በወጣት ወደ ሌላም አገር እየሄደ ነው። ሚጥሚጣ ምላስ ያቃጥላል እንጂ ትል አይገድልም፤ አረቄም እንዲሁ። ሳልመንን ጥሬ የሚበሉት አገሮች እንኳ ዝም ብለው አይበሉትም፤ በአሜሪካ የምግብ ቁጥጥር መመሪያ ጥሬ የሚበላ ዓሣ አስቀድሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ለ7 ቀን እንዲቆይ ነው የሚታዘዘው። እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ በገጠር ቤት የለም፤ በከተማም ያለው ማቀዝቀዣ ሁሉ ያን ያህል አይቀዘቅዝም። የእኛ መድኃኒት ምድጃችን ነው።

እሾሁን ስለማሸነፍ

የቆሮሶና የአምባዛ እሾህ ትልልቅና በሥፍራው የተተከለ ስለሆነ አያስቸግርም። ከራሱ ሥር ቆርጣችሁ ቢላዋውን በጀርባ አጥንቱ ላይ አስተኝታችሁ እስከ ጅራት ብትነዱት፣ ሥጋው በሁለት ወገን አጥንት የሌለው ሆኖ ይወጣል፤ ሆቴል ቤት ፊሌቶ የሚሉት ይኸው ነው። የቀረው አጥንት ሾርባ ይሆናል።

ባርበስ ነው የሚያስቸግረው። በጀርባው ሥጋ መካከል እንደ ባላ እንጨት የተሰነጠቁ ረቂቅ እሾሆች ተሰካክተውበታል፤ ፊሌቶ ብታወጡም እነርሱ ሥጋው ውስጥ ይቀራሉ። ለአዋቂ የሚሆን ከሆነ ሥጋውን ከነቆዳው በኩል ሳይቆረጥ፣ በየግማሽ ጣት ርቀት በስለት እየበጣችሁ በጋለ ዘይት ብትጠብሱት እሾሁ ተቆራርጦ ስለሚደርቅ ጥርስ ይፈጨዋል። ለልጅ ግን በዚህ አትተማመኑ። ለልጅ የሚሰጠው ይቀቀል፤ ከበሰለ በኋላ እናት በብርሃን ቁጭ ብላ በጣቷ እየፈተለች፣ ጣቷ ውስጥ የሚቆረቁር ነገር አለመኖሩን እያየች ትልቀመው። ዓይን ያላየውን ጣት ያገኘዋል። እንዲህ የተለቀመ ዓሣ ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን እንኳ ከገንፎ ጋር ተፈጭቶ ሊሰጥ ይችላል።

በእንግዳ ጉርሻም እንጠንቀቅ። እንግዳው በፍቅር ነው ልጁን የሚያጎርሰው፤ የዓሣ ጉርሻ ሲሆን ግን ከእናት እጅ በቀር ባይሆን ይሻላል።

እሾህ ቢወጋስ? ልጁ የሚያስልና የሚያለቅስ ከሆነ ይተንፍስ፣ ይሳል፤ አትከልክሉት። በትልቅ የቆጮ ጉርሻ ወይም በሙዝ ገፍቶ ማውረድ የተለመደ ነው፤ እኛ ግን አጥብቀን እንከለክላለን፣ እሾሁን ይበልጥ ይተክለዋል፤ ጣት አስገብቶ መፈለግም እንዲሁ። ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ከዚያም ካልተቻለ ቦንጋ ወደ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ይላካል። ልጁ መተንፈስም ማልቀስም ካቃተው ግን መንገድ አይጠበቅም፤ ራሱን ዝቅ አድርጋችሁ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ 5 ጊዜ በኃይል ምቱት፣ እስኪተነፍስ ድረስ ደጋግሙት፣ ሌላ ሰው ደግሞ ለእርዳታ ይሩጥ። ይህን አያያዝ የቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በተግባር እንድታሳያችሁ ጠይቋት፤ አይቶ መማር ከማንበብ ይሻላል።

ማብሰል

የበሰለ ዓሣ ሥጋው ነጭ ይሆናል፣ ከአጥንቱም ይላቀቃል። ከአጥንቱ አጠገብ ገና መስተዋት የመሰለ ወይም ቀይ ከሆነ አልበሰለም። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህ ትልንና ጀርምን ለመግደል ይበቃል፤ ሆኖም መፍላቱን ብቻ አይታችሁ አታውርዱት።

ለወጥ፣ ሽንኩርቱና በርበሬው በደንብ ከተቁላላ በኋላ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ጥምዝ ይግባ። እነዚህን ከሩቅ ገበያ መግዛት የለብንም፤ የገዛ ጫካችንና ጓሮአችን ያበቅላቸዋል፣ ጥምዝ ደግሞ ለዓሣ ልዩ ነው እንላለን። ዓሣው የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው። ከገባ በኋላ እንደገና መፍላት ሲጀምር ከሩብ ሰዓት ያላነሰ ይቆይ፤ በማማሰያ አይማሰል፣ ይፈርሳል፤ ድስቱን በሁለት እጅ ይዞ ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። ለጥብስ፣ ዓሣው በጨርቅ ደርቆ፣ ጎንና ጎኑ ተበጥቶ፣ ጨው ገብቶበት በጋለ ዘይት ይጠበስ። እርጥብ ዓሣ ዘይት ያስፈነጥራል፤ ልጆች በዚያ ሰዓት ከምድጃው ይራቁ።

ጥሬውን ዓሣ የቆረጠ ቢላዋ በሳሙናና በፈላ ውሃ ሳይታጠብ ጎመን አይክተፍበት፤ የበሰለ ቆጮም አይቆረጥበት። በብዙ ቤት ተቅማጥ የሚገባው በዚህ በር ነው፤ ዓሣው በስሎ ጤነኛ ሲሆን ጎመኑ ይዞት ይመጣል።

አንጀቱ፣ ቅርፊቱና ያጠባችሁበት ውሃ ከቤትና ከውሃ ራቅ ብሎ በተቆፈረ፣ ውሻ በማይደርስበት ጉድጓድ ይቀበር፤ በእንሰቱ ሥር ቢቀበር ለእንሰቱም ማዳበሪያ ነው። ሜዳ ላይ ከተጣለ የዝንብ ሠርግ ነው።

ዓሣው በዝቶ ቢተርፍ፣ ጥሬው አይደር። ቀጭን አድርጎ ተልትሎ፣ ለሦስት እጅ ዓሣ አንድ እጅ ጨው ለውሶ፣ አንድ ሌሊት አሳድሮ የወጣውን ውሃ ማፍሰስ፣ ከዚያ እንደ ቋንጣ ዝንብ በማይደርስበት መስቀል ይቻላል። በከፋ ዝናቡ ስለሚበዛ በፀሐይ ብቻ አይደርቅም፤ ከምድጃ በላይ ጭስ እየነካው ቢደርቅ ይሻላል። የበሰለው የተረፈ እንደሆነ ተከድኖ በቀዝቃዛ ቦታ አድሮ፣ ጠዋት እስኪፈላ ድረስ ሞቆ ይበላ፤ ከዚያ በላይ አይቆይ።

አንድ ጥያቄ ቀርቷል፤ «ዓሣና ወተት አብሮ ቢበላ ለምጽ ያወጣል ይባላል፣ እውነት ነው ወይ?» የሚሉን አሉ። እውነት አይደለም። ለምጽ ከዓሣና ከወተት አይመጣም፤ በብዙ አገር ዓሣ በወተት ተቀቅሎ ይበላል። ነፍሰ ጡር እናትም በደንብ የበሰለ ዓሣ ብትበላ ለእርስዋም ለፅንሱም መልካም ነው። ልጁ ከዓሣው በኋላ ወተት ቢጠይቅ ይሰጠው፤ ወተቱ የፈላ ይሁን እንጂ።